መሃሉን ባዶ ተዪው

በእኛ ቤት ሳሎን ሰው የሚኮነው የምረቃ ጋዋን ለብሶ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ዕድሜ ሁሉ፣ ጥርስ ማብቀሉም፣ ኩፍኝ መታመሙም፣ ከሰፈር ልጅ ጋር ተደባድቦ መምጣቱም፣ የዝግጅት ጊዜ ነው። ጉርድ ሾላ ያለው የአባቴ ቤት የገባ እንግዳ ገና ሶፋው ላይ ሳይቀመጥ ዓይኑ የሚያርፈው ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ ነው። በግራ በኩል ታላቅ ወንድሜ ጥቁር ጋዋን ለብሶ የፕላስቲክ አበባ ታቅፏል። በቀኝ በኩል እህቴ ጥቁር ጋዋን ለብሳ ያንኑ የፕላስቲክ አበባ ታቅፋለች። መሃል ላይ የእኔ ምስማር አለ።

ሦስቱንም ምስማሮች አባዬ የመታቸው በአንድ ቀን ነው፤ ወንድሜ በተመረቀ ማግስት። ያን ቀን የሚያስፈልገው አንድ ምስማር ብቻ ነበር። እሱ ግን መዶሻ ከጎረቤት ከተዋስኩ አይቀር ብሎ በእኩል ርቀት ሦስት መታና መሃለኛውን በጣቱ እየነካ «ይቺ የትንሿ ናት» አለ። እናታችን ያኔ በሕይወት ነበረች፤ እልል አለች። እኔ ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ምስማሩን እንደ ስጦታ ነው የቆጠርኩት።

ከዓመታት በኋላ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ላይ ጥዬ ወጣሁ። ወድቄ አይደለም። ወድቄ ቢሆን ለአባዬ ይሻለው ነበር፤ የወደቀ ሰው ይታዘንለታል፣ ይመከራል፣ እንደገና ይፈተናል። እያለፈ ጥሎ የወጣ ሰው ግን ምን ይባላል? «ሥዕል ልማር ነው» ስለው «ሥዕል እኮ ጎን ለጎን ነው» አለ። የተማርኩትም አንድ አዛውንት ሠዓሊ ገርጂ ከተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እሳቸው ዘንድ ፈተና የለ፣ ዲፕሎማ የለ፣ ጋዋን የለ። ሲያርፉ ብሩሾቻቸውን ወረስኩ። ምስማሬ ላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ተሰቀለ።

አባዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሠራው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ዲግሪ የያዙ ልጆች ይቀጠራሉ፣ የቱ ፋይል የት እንዳለ እሱ ያሳያቸዋል፣ ብዙም ሳይቆዩ አለቃው ይሆናሉ። ደብዳቤውን የሚያረቅቀው እሱ፣ የሚፈርሙት እነሱ። «ወረቀት ያለው ይፈርማል፣ ወረቀት የሌለው ፋይል ያደርጋል» ይላል እስከ ዛሬ። ስለዚህ ጋዋን ለእሱ ልብስ አይደለም። ይሄ ሁሉ ይገባኛል። የሚገባኝ መሆኑ ግን ንዴቴን አይቀንስልኝም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያብሰዋል።

ስለ እኔ ለሚጠይቁት ሰዎች መልሱ አንድ ነበር፤ «ልትጨርስ ነው።» የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አስኬደው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የአባዬ ግን እያደር ከበደው። እኩዮቼ ተመረቁ፣ አገቡ፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ገቡ፤ እኔ አሁንም ልጨርስ ነው። አባዬ በየወሩ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚጠጡት የሚካኤል ማኅበር አለው፤ ማኅበርተኞቹ አብዛኞቹ የሰፈር ጡረተኞች ናቸው። እነሱ ሲጠይቁት «ኢንጂነሪንግ እኮ ረጅም ነው» ይላል። አንዴ እኔው ፊት አንድ ሽማግሌ «ምን ዓይነት ፎቅ ቢሆን ነው ትምህርቱ ከፎቁ የረዘመው?» ብለው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባዬም ሳቀ። እኔ ለስላሳ እያደልኩ ነበር። ከዚያ በኋላ የማኅበር ቀን መምጣት ተውኩ፤ ለምን ቀረሽ ያለኝም የለም።

የምሠራው የመልክዓ ምድር ሥዕል ነው፤ በውሃ ቀለም። ያየሁትን ግን እንዳለ አልገለብጥም። ቦሌ ቡልቡላ የተከራየሁት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ከበረንዳው የረር ተራራ ይታየኛል፤ በእሱና በእኔ መካከል ግን ያላለቁ ሕንፃዎች፣ የቆርቆሮ አጥሮች፣ የአሸዋ ክምሮች አሉ። እነሱን አስወግዳቸዋለሁ። ተራራውን ሰፋ ሰፋ ያለ ንጣፍ አደርገዋለሁ፤ ከኋላ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ መሃል ላይ ሐምራዊ፣ ከፊት የታጨደ ማሳ የመሰለ ቢጫ። ዛፍ ለእኔ አንድ የብሩሽ ምት ነው። ዝርዝሩን በጣልኩ ቁጥር ቦታው ይበልጥ ራሱን ይመስላል። ነጭ ቀለም አልጠቀምም፤ በእኔ አሠራር ነጭ ማለት ሳይነካ የተተወ ወረቀት ነው። ብርሃን በሚፈለግበት ቦታ እጅን መሰብሰብ ነው ሥራው፤ ከቀለሙም ከመስመሩም የሚከብደው እሱ ነው። አንዴ ከነኩት አይፋቅም፣ አይደረትም።

በዚህ እኖራለሁ። ቦሌ ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎች ባዶ ግድግዳ ስለማይወዱ ይገዙኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አስተምራለሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን ደርድሬ እጠብቃለሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ያለው ሰው ቡልቡላ ተቀምጦ በውሃ ቀለም የሚሥል ዘመድ ሳይኖረው አይቀርም።

አባዬ ሥራዬን አይቶ አያውቅም እንዳልል አንድ ጊዜ አሳይቼዋለሁ። ትንሽ ሥዕል ነበረች፤ ለፋሲካ ይዤለት ሄድኩ። መነጽሩን አድርጎ እያየ «ይሄ የት ነው?» አለኝ።

«የረር ነው።»

«የረር እንዲህ ነው እንዴ? ቤቶቹስ?»

«ትቻቸው ነው።»

«ሰዉስ?»

«ሰው የለበትም፣ አባዬ።»

«ሰው የሌለበት አገር ምን ያደርጋል?» አለና ቡፌው ላይ ከብርጭቆዎቹ ኋላ አቆማት። በሚቀጥለው ስመጣ አልነበረችም። የት ሄደች ብዬ አልጠየቅኩም፤ እኔም ኩራት አለኝ።

ስለዚህ አንድ ጠዋት ደውሎ «አንድ ሥዕል ሥሪልኝ» ሲለኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ማን እንደደወለ እንደገና አየሁ።

«ምን ዓይነት ሥዕል?»

«ያው የምትሠሪውን ነዋ። ተራራውን። ግን ቁመቱ ረዘም ይበል፤ የነወንድምሽን ፎቶ ያህል። ለግድግዳ ነው።»

«ለየትኛው ግድግዳ?»

«ስንት ግድግዳ አለን?» አለኝ። ሊዘጋ ሲል ጨመረበት፤ «ደግሞ መሃሉን ባዶ ተዪው። ምንም እንዳታስገቢበት፤ ዛፍም ቢሆን። ነጣ ያለ ይሁን።»

መሃሉን ባዶ ተዪው! ሠዓሊ ላልሆነ ሰው ይሄ ምንም ላይመስለው ይችላል። ሥዕል መሸጥ ከጀመርኩ ጀምሮ አንድም ደንበኛ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ሁሉም ባዶ ቦታ ያዩ እንደሆነ የተበሉ ይመስላቸዋል። «እዚህ ጋ ጎጆ ብትጨምሪበት»፣ «እዚህ ጋ በሬ ቢኖር»፣ «ይሄ ነጩ አላለቀም እንዴ?» ይሉኛል። አስተማሪዬ እንኳን ባዶውን እንድተው ለማስተማር ስንት ጊዜ እጄን በብሩሽ እጀታ መትተውኛል። አባዬ ግን ማንም ሳያስተምረው መሃሉን ባዶ ተዪው አለኝ። ያቺን ትንሿን ሥዕል ከደበቀበት እያወጣ ብቻውን ያያት ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ገብቶት ኖሯል ብዬ አሰብኩ። ስልኩን ዘግቼ ጀሪካኖቼ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የደስታ ነበር፣ አሁን ሳስበው ነው የሚያሳፍረኝ።

ጎረቤቴ የበረራ አስተናጋጅ ናት፤ ከውጭ ያመጣችልኝ ወፍራም የጥጥ ወረቀት ነበረኝ። ለደህና ቀን ብዬ አልጋ ሥር ነበር የማስቀምጠው። ደህናው ቀን መጣ ብዬ አወጣሁት። የመጀመሪያው ተበላሸ፤ ሰማዩ ገና ሳይደርቅ ከጎን ከሚሠራው ሕንፃ የሲሚንቶ አቧራ ነፈሰበት። ሁለተኛውን ራሴ አበላሸሁት፤ እጄ ለምዶበት መሃሉ ላይ አንድ ዛፍ ጣል አደረገ። አባዬ ዛፍም ቢሆን አላለም? ቀድጄ ጣልኩት።

ሦስተኛውን የጀመርኩት ዝናብ አባርቶ ያደረ ማለዳ ነው። ጉም ማሳው ላይ ተኝቶ የተራራው ጫፍ ብቻ ከላይ ወጥቶ ነበር። በብዙ ውሃ ትንሽ ሰማያዊ በጥብጬ ከላይ ለቀቅኩት፤ ቀለሙ በራሱ ጊዜ ወርዶ ጉሙ አፋፍ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አጋድሜ አስቆምኩት። ከዚያ ሐምራዊው፣ ከዚያ ከታች ቢጫው። መሃሉን አልነካሁትም። ከላይ እስከ ታች እንደ ቆመ ሰው ረዘም ያለ ነጭ ጉም ቀረ። ብሩሼን ሳስቀምጥ ከሠራኋቸው ሁሉ ይሄ እንደሚበልጥ አወቅኩ። ሠዓሊ ይሄን ስለ ራሱ ሲናገር አያምርም፤ ግን እውነት ነው፣ ዛሬም አልክደውም።

በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌ በታክሲ ወሰድኩለት። ኢምፔሪያል ላይ ታክሲ ስቀይር ሰው እንዳይገፋኝ እንደ አራስ ልጅ አቅፌው ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «መስታወት ነው እንዴ የኔ እህት?» አለችኝ።

«ሥዕል ነው። ለአባቴ ነው፤ ሳሎን ሊሰቅለው።»

ሳትጠይቀኝ ነው የነገርኳት። ያን ሰሞን ለማን ያልነገርኩት አለ? ለጎረቤቴ፣ ለባለሱቁ፣ የቅዳሜ ተማሪዎቼን ለሚያመጡ እናቶች ሁሉ አባቴ ሥዕሌን ሊሰቅል ነው ብዬ አወራሁ።

አባዬ ካርቶኑን ራሱ ፈታው። ሥዕሉን ሶፋው ላይ አስደግፎ ወደ ኋላ ራቅ አለና ቆሞ አየው። ከዚያ ቀርቦ ነጩን ቦታ፣ ጉሙን፣ በስንዝር ለካው፤ መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ታች።

«ይበቃል» አለ።

እኔ ደግሞ ከአባዬ አፍ የወጣ ትልቁ ሙገሳ አድርጌ ወሰድኩት። «የረር ናት አይደል? ታስታውቃለች» ሲለኝማ ያንኑ ቀን እንደገና የተወለድኩ ነው የመሰለኝ። ፍሬሙን እኔ ላስደርግ ብለው እምቢ አለኝ፤ እሱ የሚያውቀው ቤት አለ። ከዚያ በደወልኩ ቁጥር «አልደረሰም» ይለኛል። በመጨረሻ ራሱ ደወለ። «እሑድ የማኅበሩ ተራ የእኔ ነው። እንዳትቀሪ። ጸጉርሽንም ተሠሪ» አለኝ። የሥዕሉ ምርቃት መሆኑ ነው ብዬ ሳቅኩ። ገርጂ ሄጄ ጸጉሬን ተሠራሁ፤ የሀበሻ ቀሚሴን አስተኮስኩ።

ከበሩ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የረርን ነው። ካላንደሩ ተነስቷል። መሃለኛው ምስማር ላይ፣ በወርቃማ ፍሬም፣ በወንድሜና በእህቴ መካከል ተሰቅሏል። ማኅበርተኞቹ ግድግዳውን ታከው ተቀምጠዋል፤ ሰላም ማለቱንም ረስቼ ወደ ሥዕሌ ሄድኩ። ስጠጋ መሃሉ ባዶ አልነበረም።

ጉሙ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ጥቁር ጋዋን ለብሳለች፣ ቆብ ደፍታለች፣ በቀይ ሪባን የታሰረ ጥቅል ወረቀት ይዛለች። ፊቷ የእኔ ነው። ከወንድሜ ሠርግ ፎቶ ላይ የተቆረጠ ፊት ነው፤ ሚዜ ሆኜ የተቀባሁት ሊፕስቲክ ሳይቀር አለ። አንገቷ ግን የእኔ አይደለም፤ ከፊቴ ይልቅ ቀላ ያለ የሌላ ሴት አንገት ነው። እጆቿም የእኔ አይደሉም፤ አንዱ ጣቷ ላይ የጋብቻ ቀለበት አለ፣ እኔ አላገባሁም። ሥዕሌን ገልብጦ ያተመው ፎቶ ቤት ሥዕሉንም አልማረውም። ፈዛዛውን ሰማያዊ አድምቆታል፣ ቢጫውን ማሳ አረንጓዴ አድርጎታል፣ ሰማዩ ላይ ነጫጭ ወፎች አብርሯል። ከእግሯ በታች በወርቃማ ፊደል «እንኳን ደስ አለሽ» ይላል፤ ከነዘንድሮው ዓመተ ምሕረት።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ከዚያ ማኅበርተኞቹን ዞሬ ሳይ አንድም የሚስቅ ሰው የለም። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እናት፣ እማማ የምንላቸው የፊት ለፊት ጎረቤታችን፣ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱና እልልታቸውን አቀለጡት። ሌሎቹ ተቀበሏቸው። እኚያ በፎቅ የቀለዱብኝ ሽማግሌም ጭምር እያጨበጨቡ ነው። እማማ አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ፤ ጉንጫቸው እርጥብ ነበር።

«ስንት ዓመት ነው በየወሩ የጸለይንልሽ! እኔማ ሳላይሽ እሞታለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ተመስገን!» አሉኝ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረው፣ «በል እንግዲህ፣ እሷ ስትመረቅ ለሚካኤል አገባለሁ ብለህ የተሳልካትን ጥላ እንዳትረሳ!»

«በንግሡ ነው የማስገባት፣ በንግሡ» አለ አባዬ፤ ወለሉን እያየ።

ስለቱን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ለእነዚያ ሰዎች ያኔ ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ወደ ጓዳ ገባሁ፤ አባዬ ተከትሎኝ ገባ። እንግዶቹን ሲያስተናግድ የነበረው ወንድሜ ከበሩ ላይ ቆመ፤ ሰው እንዳይገባም፣ እኔም እንዳልወጣም ይመስለኛል።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«የሰቀልከው!»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ አይደለሁም!»

«ፊቱ ያንቺ ነው» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሥዕሉም ያንቺ ነው። ሌላ ምን ጎደለ? ሥዕልሽ እንዲሰቀል ትፈልጊ አልነበር ወይ? ሰቀልኩልሽ።»

«መሃሉን ባዶ ተዪው ያልከኝ ለዚህ ነው?»

«ታዲያ ለምን ይሆናል? የፎቶ ቤቱ ልጅ ነው የመከረኝ። ተራራው መሃል ከሆነ ከጭንቅላትሽ የበቀለ ይመስላል አለኝ።»

ወንድሜ ከበሩ ላይ «የሠርጌን ፎቶ ለልጁ በቴሌግራም የላክሁለት እኔ ነኝ። ለአባዬ ብዬ ነው፣ እባክሽ ዛሬን ብቻ እለፊው፤ ማኅበርተኛው ይሂድ» አለ። ወንድሜ ሁሌም ዛሬን ብቻ እለፊው ነው። ያሳደገችን እናታችን ብትኖር እንዲህ አያደርጉም ነበር እንዳልል፣ እሷም እልል የምትል ይመስለኛል።

«ዋናው የታል?» አልኩ። «የሠራሁት፣ በእጄ የሠራሁት የት ነው?»

«አለ። ምን ይሆናል? በደንብ ነው ያስቀመጥኩት።» ቁም ሳጥኑን በቁልፍ ከፈተና ከታች የፕላስቲክ ክላሰር አወጣ። የቤቱን ካርታ፣ የእናታችንን የሞት ማስረጃ፣ የእኔን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፍኬት የሚያኖርበት ክላሰር ነው። ከመካከሉ ሥዕሌን ጎትቶ አወጣልኝ። አራት ቦታ ታጥፏል።

«ከፎቶ ቤት ስመለስ ዝናብ ነበር» አለኝ። «በውሃ የተሠራ ነው ስትዪ ስለምሰማ፣ ውሃ እንዳይነካው ብዬ አጥፌ ጃኬቴ ውስጥ ብብቴ ሥር ይዤው መጣሁ። አንዲት ጠብታ አልነካችውም። እዪው።»

አየሁት። እውነቱን ነው፤ ጠብታ አልነካውም። ወፍራም ወረቀት ሲታጠፍ ይሰበራል፤ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ተላጦ ጥጡ ወጥቷል። ሁለቱ እጥፋቶች የተገናኙት ነጩ ላይ፣ ሦስት ወረቀት የፈጀሁለት ጉም ላይ ነው። አባዬ በሁለት እጁ ዘርግቶ ይዞልኝ፣ በደንብ ጠበቅክልኝ እንድለው ይጠብቃል። በዚህ ቤት ለወረቀት ከሚሰጠው ክብር በላይ ክብር የለም፤ ከካርታው ጋር ነው ያስቀመጠልኝ። በሰላም መጥላቱን እንኳ ነሳኝ።

«ሰው ይጠይቀኛል» አለ። «በየወሩ ይጠይቀኛል። እኔ አርጅቻለሁ፣ ልትጨርስ ነው እያልኩ መኖር ደከመኝ። አሁን አይጠይቁኝም። አንቺም አትሸማቀቂ፣ እኔም አልሸማቀቅ። ማን ተጎዳ?»

ማን ተጎዳ? በዚያች ደቂቃ ልለው የምችለው ብዙ ነበር። ለዓመታት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ ለምን እንደጠየቅሁት አላውቅም፣ ምናልባት አንድ ነገር ተስፋ አድርጌ ይሆናል። ይሄን ሁሉ ያደረገው በልቡ ጨርሳለች ብሎ ቢሆንስ፣ ይሄው ሥራዋ ምርቃቷ ነው ብሎ ቢሆንስ ብዬ ይሆናል።

«ጥላውን ታስገባለህ?»

«የትኛውን ጥላ?»

«እማማ ያሉትን። የስለቱን።»

የእውነት ደነገጠ። መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ አፍ በመውጣቱ ተገርሞ አየኝ።

«ምን ነካሽ ልጄ? እንዴት አድርጌ አስገባለሁ? አልተመረቅሽም እኮ!» አለ። «ሰውን እንጂ ሚካኤልን አልዋሽም።»

በቁጣ ቢለው ይሻለኝ ነበር። በእርጋታ ነው ያለው፤ ሁለታችንም የምናውቀውን ነገር እንደሚያስታውሰኝ ሰው። ሥዕሉን በነበረበት እጥፋት መልሶ አጠፈ፣ ክላሰሩ ውስጥ ከተተ፣ ቁም ሳጥኑን ቆለፈ። ወንድሜ በሩን ለቀቀልኝ።

ልወጣ እችል ነበር፤ ቦርሳዬ እጄ ላይ ነበር፣ የግቢው በር ክፍት ነበር። ወጥቼ ብሄድ ደግሞ አባዬ ለእነዚያ ሰዎች ሌላ ነገር መፍጠር ይኖርበታል። ሥራ ጠርቷት ነው ይላል፤ ኢንጂነር አይደለች? ሳሎን ስመለስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እማማ ከግድግዳው ሥር፣ ከዚያች ቀለበት ካደረገችው ሴት ሥር ቆመው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ቅድም በእልልታው መሃል መልሴን አልሰሙም ነበርና አሁን በወጉ ሊሉኝ ነው። አባዬ ከኋላዬ ቆሟል፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ» አሉኝ።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አልኩ።